ድምፅ የሌላት መኪና የታየችበት ሰሞን

የመኪናዋ ሥዕሎች የወጡ ዕለት ባሌ ሮቤ ላይ የስንዴ አጨዳ ደርሶ ነበር። ኮምባይነሮች ከየእርሻው ወደ ከተማ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሚነዷቸው ሰዎች ፀጉራቸው ገለባ እንደያዘ ሱቄ ድረስ መጥተው የተበጠሰ የሞተር ቺንጋ ጠረጴዛዬ ላይ ይጥሉና ይህን የመሰለ ስጪን ይሉኛል። ከአባቴ የወረስኩት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር። በአጨዳ ሰሞን ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ያን ቀን ግን ስልኬ ከዘይት ጣሳዎቹ መሀል እየተንቀጠቀጠች አላሠራ አለችኝ።

የመጀመሪያው መልእክት «ቤቱ አሳየ» የሚል ነበር።

ቤቱ የምንለው አንድ ባሕር ማዶ ያለ የስፖርት መኪና ሠሪ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ እኛም በግሩፓችን ውስጥ አንጠራውም ነበር። በስልክ የተሰባሰብን፣ አብዛኞቻችን ተያይተን የማናውቅ፣ ከመሀላችን ከመኪናዎቹ አንዷን እንኳ በዓይናቸው ያዩት በጣት የሚቆጠሩ የሆንን ሰዎች፣ ቤቱ እንዲህ አደረገ፣ ቤቱ እንዲያ አሰበ ስንባባል ለሚሰማን ሰው ያባታችንን ቤት የምናወራ ይመስለዋል። ቤቱ ከነዳጅ ወጥቶ የኤሌክትሪክ መኪና ሊያሳይ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ቆይቷል። ለሽያጭ የምትወጣ አይደለችም። ወደፊት እንዲህ ልንሠራ አስበናል ብለው የሚያሳዩዋት የሐሳብ መኪና ናት። ሐሳብም ብትሆን ሰዉ እንደ ልጅ የፈተና ውጤት ነበር የሚጠብቃት።

ለመኪና ፍቅር ያበቃኝ አባቴ ነው። ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ባሌ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። ብዙ ዓመት ገብስና ስንዴ ሲጭን ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ሱቁን ከፈተ። አንድ ዓመት ዘይት አስመጪዎች ለደንበኞቻቸው የቀን መቁጠሪያ ሲያድሉ ለእሱም አንድ ደረሰው። በላዩ የቤቱ ቀይ መኪና ነበረች፤ ዝቅ ያለች፣ ጎኗ ውኃ እንደ ላሰው ድንጋይ የለሰለሰ። ዓመቱ አልቆ ሌላ ዓመት ሲገባ አባቴ ከግድግዳው አላወረዳትም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ የዘይት ሳጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሱ ሰው ሲቀንስለት ቀና ብሎ ያያትና «ይችን የሠራት ሰው እንቅልፍ አልነበረውም» ይላል። ከዚያ የቱ ጋ ነፋሱ እንደሚገባ፣ ለምን ከኋላዋ እንደምትሰፋ ያስረዳኛል። እንዲህ ዓይነት መኪና ነድቶ አያውቅም። ግን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ስለ ክብደትና ስለ ጎማ የማያውቀው ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ጆሮው ነበር። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ዕቃ ሲደረድር፣ ከጎባ በኩል የሚመጣውን መኪና ሳያይ ይነግረኛል። አሮጌ ከባድ መኪና ነው፣ አንዱ ካንዴላ ደክሟል፣ ሹፌሩ ካምቢዮ የሚቀይረው ቸኩሎ ነው። እኔም ተማርኩ። ሁለታችን የምንጫወተው ጨዋታ ይህ ነበር። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው ያረፈችው። ታላቅ እህቴ ደግሞ አግብታ ቡታጅራ ገባች። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አባቴና በመንገዱ የሚያልፈው ሞተር ሁሉ ነበርን።

በኋላ የአባቴ ጆሮ ከዳው። ሐኪሞቹ ያ ሁሉ ዓመት ከሞተር ጋር መቀመጡ ነው አሉ። መጀመሪያ የእኔን ድምፅ አጣ፣ ቀጥሎ የሰውን ሁሉ፣ በመጨረሻም የመኪናውን። ያኔ ማድረግ የጀመረውን ነገር አልረሳውም። ደንበኛ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣ አባቴ ይወጣና መዳፉን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ተመልሶ ይገባና ምን እንደጎደላት ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ሱቁን ያዝኩ። ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ዝምታው ነው። ቀን ሰው አለ፤ ሰዉ ግን የሚፈልገው ዕቃውን ነው። ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጥ ደግ ጎረቤት አለችኝ። አንድ ጊዜ በስልኬ የቤቱን አንድ መኪና አሳይቼያት የበሯን አከፋፈት ልነግራት ስጀምር፣ «ልትገዢያት ነው?» አለችኝ። አይ፣ አልኳት። «ታዲያ ምን ያደርግልሻል?» ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። በእኛ ዘንድ የማይገዛ ነገር ብዙ አይወራም። በሰንበቴ ማኅበሩም ቢሆን ሴቶቹ የሚጠይቁኝ መቼ እንደማገባ ነው።

ግሩፑን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። በአማርኛ የሚጽፉ፣ የቤቱን መኪናዎች ከነዓመተ ምሕረታቸው የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸውን ሳውቅ፣ ገበያ መሀል ያገሬን ሰው ድምፅ የሰማሁ ያህል ደነገጥኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ፎቶዬ ላይ ከጎባ በላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ጉም የሸፈነው መንገድ አለ። ባሌ እንደምኖር ስናገር «የባሌው» አሉኝ፤ በዚያው ጸና።

ወንድ ነኝ ብዬ አላውቅም። አማርኛ ራሷ ተባበረችኝ። አየሁ፣ ወደድኩ፣ አልተስማማሁም ብዬ ስጽፍ ወንድ ልሁን ሴት አይታወቅም። ሌላው ሰው ሲመልስልኝ ነው ቋንቋው ምርጫ የሚጠይቀው፤ እነሱም ሳይጠይቁ መረጡ። ተሳስተሃል፣ አንተ ደግሞ፣ ስማ ወንድሜ። ላርማቸው አስቤ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው በመሪ አሠራር ጉዳይ ተጣላኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቡ የተጣላኝ ሰው የለም። ምንም ሳያለዝብ፣ ነጥብ በነጥብ፣ የጻፍኩትን እየጠቀሰ አፈራረሰው። ስልኬን ይዤ ስስቅ ጎረቤቴ ምን ተገኘ ብላ መጣች። ይህን ማጣት አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ያ ሰው ድሬዳዋ የሚኖር የቤት ፕላን ነዳፊ ነው። ሌላ ነገር ስለ እሱ አላውቅም ነበር። እኔ ነጭ ስል እሱ ጥቁር ይላል። በልቤ ተከራካሪዬ እለዋለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ደንበኛውን በቺንጋው ሸኝቼ ሥዕሎቹን ከፈትኩ። መኪናዋ እንደ ብር ነጭ ናት። ከፊቷ እንደ ድሮዎቹ አየር የምትስብበት አፍ የላትም፤ ልሙጥ ናት። ጣሪያዋ ከመስታወቱ ጀምሮ እስከ ኋላ በአንድ ትንፋሽ የተሳበ መስመር ነው። ቪዲዮም ነበራት። በዝናብ በረጠበ መንገድ ስታልፍ የሚሰማው የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ለወደደ ሰው የሞተር ድምፅ በድምፅ ማጉያ እንደሚለቅም ቤቱ ገልጿል።

ግሩፑ ለቅሶ ቤት ሆነ። አንዱ ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ጻፈ። ሌላው የቀድሞዎቹን ባለሞተር መኪናዎች ፎቶ በጥቁር ከቦ ነፍስ ይማር አለ። ታጥበውበት ያለቀ ሳሙና ትመስላለች ያለ አለ። ሆታ የሌለው ሰርግ ያለም አለ። በድምፅ ማጉያ ስለሚወጣው የሞተር ድምፅ አንድ አዛውንት የሚመስል ሰው፣ ሐዘን ላይ ቴፕ ከፍቶ ማስለቀስ ነው ብሎ ጻፈና ሁሉም ተቀባበለው። ጥቂቶች፣ መቼስ ዓለም ወደዚያ እየሄደ ነው፣ አገራችንም የምታስገባው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል ብለው ሊከራከሩ ሞክረው ነበር። የመኪና ፍቅር ያልገባችሁ ተባሉ። ተከራካሪዬ ግን አልቀለደም። እሱ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሞተር የመኪና ልብ ነው ይባላል፣ ውሸት ነው፣ ሞተር የመኪና ምላስ ነው፤ ምላሷን የቆረጣችኋትን ነገር ውደዱልኝ አትበሉኝ አለ።

እኔ መኪናዋን ወድጃታለሁ። ልቤ እየፈራም ቢሆን ወደድኳት። ሱቄን ዞር ብዬ ባየው ለእሷ የሚሆን ዕቃ የለኝም። ዘይት አትጠጣ፣ ካንዴላ የላት፣ ፊልትሮ አትቀይር። እንደ እሷ ያሉት ከበዙ የምሸጠው ጎማ ብቻ ሊሆን ነው። እንዲያም ሆኖ በደንበኛና በደንበኛ መሀል ስልኬን እያነሳሁ ያን የጣሪያ መስመር ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ፤ እንዲህ ያለ ውብ መስመር አላየሁም ብዬም ለግሩፑ ጻፍኩ። አባቴ ቢኖር እንቅልፍ አልነበረውም ይል ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስለ እሷ የነበረው ክርክር በማግስቱም ቀጠለ። ለተከራካሪዬ መመለስ ፈለግሁ፤ ነገሩ ግን በጽሑፍ የሚያልቅ አልሆነም። ጣቴ ዘይት ነው፣ የስልኬ መስታወት ተሰንጥቋል፣ አንድ ቃል ስጽፍ ሁለት ሰው ይገባል። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ከኋላ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጎማ የተደረደረበት ክፍል ነው፤ ጎማ ድምፅ ይውጣል፣ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ቆሜ በድምፄ ቀዳሁት።

ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ስለ ጆሮው፣ ስለ ጨዋታችን፣ ጆሮው ከጠፋ በኋላ ስላደረገው። መጨረሻ ላይ ያልኩት ይህን ነው፦ «አባቴ ሲደነቁር መኪና መውደዱን አልተወም። በመዳፉ ይሰማ ነበር። ድምፁ ከሄደ ፍቅሩም ይሄዳል የምትሉት እውነት አይደለም።»

ላክሁት። ሱቁን ከፈትኩ። አንዲት ሚኒባስ የፍሬን ሸራ ፈልጋ ከዲንሾ መጥታ ነበር፤ ሹፌሩን አስተናግጄ ስመለስ ስልኬ ሞልቷል።

ስለ አባቴ የመለሰ የለም። ስለ መኪናዋም የለም። ለካ ሴት ነሽ አለ የመጀመሪያው። የባሌው የባሌዋ ሆነች አለ ሌላው፤ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። አበባ ተላከ፣ ልብ ተላከ። እህታችን ድምፅሽ ሲያምር ያለኝ ሰው ነገር ከሁሉም በላይ ከልቤ አልወጣ አለ። ስለ መኪናዋ ድምፅ ሁለት ቀን ስንጨቃጨቅ ቆይተን ወሬው የእኔ ድምፅ ሆነ። አንዱ እስከ ዛሬ የሚጽፈው ወንድምሽ ነበር ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። በግል የጻፉልኝም ነበሩ፤ ባለትዳር መሆኔን ማወቅ ፈልገው። የግሩፑ ኃላፊ ደግሞ እህት መሀላችን ስላለች ንግግራችሁን አርሙ ብሎ ለሁሉም አሳሰበ። ለደግ ያሰበው ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ባለሁበት ሰዉ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥ እንግዳ ሆነ። አንድ ነገር ስጽፍ፣ እህታችን ጥሩ ብላለች ይሉና ወደ ሌላ ያልፋሉ። ማንም ተሳስተሻል አላለኝም።

ተከራካሪዬን ጠበቅሁ። እሱ ይመልሳል ብዬ ነበር፤ እንዲሁ አያልፈኝም ብዬ። ድምፄን መስማቱን የሚያሳየው ምልክት አለ፤ ሰምቶታል። አንድ ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፤ ለሌሎች ሲመልስ አያለሁ፤ ለእኔ ዝም አለ። ሴት መሆኔን ካወቀ ወዲያ መከራከሩ ነውር መስሎታል ብዬ ተረጎምኩት። ሌሎቹ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ዝምታ አልጎዳኝም። ከግሩፑ ልወጣ አስቤ ደግሞ ብወጣ የት እሄዳለሁ ብዬ ተውኩት። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጥ ጀመር። ያን ሰሞን ምሳዬን ቆሜ ነበር የምበላው፤ ስቀመጥ ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶነቱ ይታየኛል።

አጨዳው አልቆ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መኪና ሲቆም አልሰማሁም። ለዚያ ነው ያስደነገጠኝ። ወጥቼ ባይ ከተማችን አይቷት የማያውቃት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፤ ባለቤቷ የከተማው የእህል ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ሐጂና አባቴ የድሮ ወዳጆች ነበሩ፤ እህላቸውን ሻሸመኔ ድረስ ሲጭንላቸው የኖረው እሱ ነው። መኪናዋን ከአዲስ አበባ ገዝተው ማምጣታቸው ነበር።

ሰዉ ይዞራታል። ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቁሞ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያያል። መብራት ሲጠፋስ አለ አንዱ። ዲንሾ ዳገት ላይ ቢያልቅባት ማን ይገፋታል አለ ሌላው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጆሮውን ኮፋኖዋ ላይ ደግፎ «ሞታለች» ብሎ ለተሰበሰበው አስታወቀ። የግሩፑ ሰዎች ያሉት ራሱ ነበር። ሐጂ ብቻ ተረጋግተው ቆመዋል።

«አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ ሐጂ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ አካም ጅርቱ?» አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ አሉና የመጡበትን ነገሩኝ። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በአቧራ ተበልቷል። ያ ዕቃ ነበረኝ። ስቀይርላቸው ዓይኔ መኪናዋ ላይ መሆኑን አይተው ይሆናል፣ ጎባ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝና «ዓይኔ ወደ ማታ ይደክማል፤ አባትሽ መንዳት አስተምሮሻል፣ አንቺ ንጂልኝ» አሉ። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ገባሁ።

ከሮቤ ወደ ጎባ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ የታጨደ እርሻ። ስነሳ መነሳቴን አላወቅሁም። ፍጥነቷ ሆዴን ወደ ኋላ ሳበው፤ ለጥቂት ጊዜ ልጅ ሆንኩ። ያልኩት ልክ ነው፣ ይኸው፣ ብዬ ለተከራካሪዬ በልቤ ተናገርኩ። ከዚያ ግን ሰምቻቸው የማላውቃቸውን ነገሮች እሰማ ጀመር። ጠጠር ከሥር ሲመታ፣ ነፋሱ መስታወቱ ላይ ሲያፏጭ፣ ከመንገድ ዳር የምታልፍ ሴት አህያዋን ስትነዳ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። የሐጂን ትንፋሽም ሰማሁ፤ ትንፋሽ የሚከብዳቸው ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር።

መኪናዋን ወደዷት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በጣም ጥሩ ናት፣ ከናፍጣ ወረፋ ገላግላኛለች አሉ። ቤታቸው ግቢ ውስጥ እንደ ስልክ እየሰኩ ያሳድሯታል፤ መብራት ከጠፋ በእግራቸው ይሄዳሉ።  ባለቤታቸው ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው፤ ለቅሶ ደርሻለሁ። ልጆቻቸው አንዷ ጎባ፣ ሌሎቹ አዳማና ጅዳ ናቸው።

«አሮጌዋ መኪናዬ ትጮህ ነበር» አሉ ወደ ጎባ ስንቃረብ። «በሯ ዘሟል፣ ማርሚታዋ ተበስቷል፣ ሰው ሁሉ ይሰድባታል። ግን ብቻዬን ስነዳ ሰው አብሮኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቤቱም ዝም፣ መኪናዋም ዝም። እኔ የማወራው ከማን ጋር ነው?»

 ጎባ ገብተን ልጃቸው ቤት በር ላይ አቆምኩ። ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔ ለሻይ እስክጠራ ውጭ ቆየሁ። ጎባ ከሮቤ ትበርዳለች፤ ጉሙ ከሳነቴ ወርዶ የቤቶቹን ቆርቆሮ ነክቷል። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ መዳፌን ገና ባላጠፋኋት መኪና ኮፋኖ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም የለም። ያን ሁሉ መንገድ ነድቻት መጥቼ ኮፋኖዋ ውጭ ያደረ ብረት ሆኖ ቀዘቀዘኝ። አትሞቅም፣ አትንቀጠቀጥም፣ አትተነፍስም።

ያኔ አባቴን ሌላ ሆኖ አየሁት። ለግሩፑ የነገርኳቸው አባቴ በመዳፉ ብልሽት የሚያገኝ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን ብልሽቱን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ መቆም አያስፈልገውም ነበር፤ ነካ አድርጎ መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ይቆያል። ደንበኛው ዕቃውን ከፍሎ ወጥቶ መሪው ጋ እየጠበቀው እንኳ እጁን አያነሳም። እኔ በር ላይ ሆኜ በምልክት ና ስለው፣ ትንሽ ቆይ የሚል ፊት ያሳየኛል። ሰው ሁሉ ድምፅ አልባ ከሆነበት ዓለም የቀረው የሚያናግረው ነገር ያ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። አንድ ቤት አብረን እየኖርን ይህን አላወቅሁለትም። ካረፈ በኋላ ነው፣ በሌላ ሰው መኪና ላይ፣ ጎባ ላይ ቆሜ የገባኝ።

ሐጂ ልጃቸው ቤት ሊያድሩ ፈለጉ፤ እኔ በሚኒባስ ተመለስኩ። ሚኒባሷ ያረጀች ናት። ከሞተሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው የደረሰኝ፤ ሙቀቱ እግሬን ሲያሞቀኝ መጣሁ። ሹፌሩ ካምቢዮውን ሲቀይር አዳመጥኩ።

በማግስቱ ለግሩፑ ጻፍኩ፤ በድምፅ አልነበረም። ተከራካሪዬ የጻፈውን ጠቅሼ፣ ስለ ምላሱ ያልከው ልክ ነበር አልኩ። ሐጂ ያሉትን፣ መዳፌ ያጣውን ነገርኩ። መኪናዋን አሁንም እወዳታለሁ፤ ሰዉ ለምን እንዳለቀሰ ግን አሁን ገብቶኛል፣ ያለቀሰው ለሞተር ብቻ አይደለም፣ ለጓደኛ ነው አልኩ። በዚያ ጊዜ ግሩፑ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፎ ነበር። የቤቱ ተፎካካሪ ሌላ መኪና አሳይቶ ሁሉም እሷን ይሰድባል። የእኔ ጽሑፍ በመሀል ገብቶ ወደ ላይ ተገፍቶ ጠፋ። ሁለት ሰዎች ልብ ላኩለት።

ተከራካሪዬ የጻፈልኝ በግል ነው። ሰላምታ አልነበረውም።

«አንብቤዋለሁ። ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ ነው፤ ሌላ አይምሰልሽ። አባትሽን ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። አሁን ደግሞ ቶሎ እጅ ሰጥተሻል። የጣሪያዋን መስመር በተመለከተም ያኔም አሁንም ተሳስተሻል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ ስለ ጣሪያው መስመር ለምን እሱ እንደተሳሳተ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩለት፤ ለደንበኞች ቆዩ እያልኩ። እሱም መለሰ። የቤት ፕላን ነዳፊ ስለሆነ መስመሩን በእርሳስ ሥሎ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር ቀስት አድርጎ ላከልኝ። እኔም ያን ሥዕል በካርቶን ላይ ገልብጬ አርሜ ላክሁለት።

ቤቱ በኋላ ያችን መኪና ለሽያጭ ለማውጣት እንደሚዘገይ ተናገረ። ግሩፑ ደስ አለው፤ ድል ያደረጉ ያህል ጻፉ። እኔ ደስ አላለኝም፣ አላዘንኩምም። ሐጂ መኪናዋን አልሸጧትም። ሬዲዮ ከፍተው ይነዳሉ። አልፎ አልፎ ሱቅ ሲመጡ ይቀመጡና ከአባቴ ጋር ስለተጓዙበት መንገድ ያወሩኛል፤ እኔ ሻይ አዝዝላቸዋለሁ። ብዙ አይቀመጡም። ሸኝቻቸው ወደ ዕቃዬ እመለሳለሁ፤ መኪናዋ ያለ ድምፅ ስለምትሄድ መሄዳቸውን የማውቀው ዞር ስል ነው።

ከድሬዳዋው ሰው ጋር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ፎቶውን አላየሁም፣ የእኔንም አልጠየቀኝም። አንዳንዴ ሳምንት ይጠፋል፤ አንዳንዴ በቀን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ሁልጊዜም ስለ መኪና ነው። እንገናኛለን ብዬ አላስብም። ይህ ጓደኝነት ነው ወይ ብሎ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ መኪና የኋላ መብራት ጽፎልኝ አነበብኩት። በታችኛው መስመር ላይ ስለ መኪና ያልሆነ ነገር ነበረው፤ በተዋወቅንበት ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያው ይመስለኛል። «እዚያ ብርድ ነው?» ይላል።

ስለ መብራቱ ወዲያው መለስኩለት። ለታችኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ አልጻፍኩም። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። ውጭ ጉም ነበር፤ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቧል። ሱቁን ልዘጋ ስል ስልኩን አነሳሁና ብርድ ነው ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት አልኩ። ሌላም የምጨምረው ያለኝ መስሎኝ ጣቴን ይዤ ቆየሁ፤ ከዚያ እንደዚያው ላክሁት።